ባዶ የተባለው ጭቃ፦ ስለ ረጅም ምንቃር የውሃ ዳር ወፎች የተሰጠ የሕዝብ ትምህርት



ዛሬ የምናገረው ስለ ወፍ ነው። ወፎቹ እግራቸውን ጥልቀት በሌለው ውሃ ነክረው፣ ረጅም ምንቃራቸውን ጭቃ ውስጥ እየሰደዱ የሚመገቡ የውሃ ዳር ወፎች ናቸው። የእነሱን ነገር ስናነሣ ስለ ጭቃው፣ ስለ ውሃውና ስለ አገሮች ጉርብትና መናገራችን አይቀርም። የምጠቅሳቸው ዓመታትና በአውሮፓዊ ስማቸው የምጠራቸው ወሮች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ።

በኦክቶበር 2025 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የፍጥረታትን የመጥፋት አደጋ በሚመዝንበት ቀይ መዝገቡ ላይ አንድን ወፍ ከምድረ ገጽ የጠፋ ሲል መዘገበ። ይህ ወፍ ቀጭን ምንቃር ከርሊው ይባላል። ለመጨረሻ ጊዜ በማያጠራጥር ሁኔታ የታየው በፌብሩዋሪ 25 ቀን 1995፣ በሞሮኮ የአትላንቲክ ዳርቻ፣ መርጃ ዘርጋ በሚባል ሥፍራ ነው። ከዚያ ወዲህ ባለሙያዎች በብዙ አገሮች ፈለጉት፤ አላገኙትም። ከአውሮፓ ዋና ምድር፣ ከሰሜን አፍሪካና ከምዕራብ እስያ ወፎች መካከል ጨርሶ ከዓለም መጥፋቱ የታወቀ የመጀመሪያው እርሱ ነው።

ይህ ወፍ የኖረው ሰው ባልረገጠው ደሴት አልነበረም። በየዓመቱ ሲያልፍባቸው የነበሩት አገሮች ዩኒቨርሲቲና ሙዚየም የሞላባቸው፣ ወፍ ማጥናት የቆየ ልማድ የሆነባቸው ናቸው። ታዲያ በዚህ ሁሉ ዓይን ፊት እንዴት ጠፋ? የዛሬው ንግግሬ ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው። መልሱም እኛን ይመለከታል፤ ከተጓዥ ወፎች ማረፊያ አንዱ የእኛ አገር ነውና።

ወፎቹ እነማን ናቸው?

ከርሊዎች በቆየው አቆጣጠር ስምንት ዝርያዎች ናቸው። ጎድዊት፣ ስናይፕና ሳንድፓይፐር ከሚባሉት ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። አብዛኞቹ ቡናማ ላባቸው ጭረት የበዛበት በመሆኑ ሣር ውስጥ ሲያደፍጡ ለዓይን አይታዩም። የሚለዩት በምንቃራቸው ነው፦ ረጅም፣ ቀጭንና ወደ ታች የጎበጠ። በአውሮፓና በእስያ የሚፈለፈለው ትልቁ ከርሊው ቁመቱ ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ምንቃሩ እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። የሩቅ ምሥራቁ ከርሊው ደግሞ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚደርስ ምንቃር አለው። በሁለቱም ዝርያዎች የሴቷ ምንቃር ከወንዱ ይረዝማል።

ይህ ሁሉ ርዝመት የእንጀራ ጉዳይ ነው። በጭቃ ውስጥ ያለው ምግብ በየደርዙ ይኖራል፤ ከላይ ጥቃቅን ነፍሳት፣ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣና ዛጎል ለበስ፣ ከሥር ረጃጅም ትልና ጉድጓድ ቆፍሮ የሚኖር ሸርጣን። አጭር ምንቃር ያለው ወፍ ከጭቃው ገጽ ይለቅማል፤ መካከለኛው ትንሽ ይገባል፤ ከርሊው ሌላው ከማይደርስበት ጥልቀት ይስባል። የጎበጠው ምንቃሩ በጠማማው የሸርጣን ጉድጓድ ውስጥ እንደ ቅርጹ ይገባለታል። አቮሴት የሚባለው ወፍ ደግሞ ወደ ላይ የታጠፈ ምንቃሩን ግራና ቀኝ እያወናጨፈ ውሃውን ያጥባል። ስለዚህ አንድ ጠባብ የጭቃ ዳርቻ አሥር ዓይነት ወፍ ያለ ጠብ ያበላል። ዳርቻው ሲጠፋ ደግሞ አሥሩም በአንድ ቀን ይራባሉ።

ጭቃ ውስጥ የሚያይ ምንቃር

ምንቃሩ ጭቃ ውስጥ ሲገባ ዓይን አይረዳውም። ወፉ ምግቡን የሚያገኘው በመዳሰስ ነው። የምንቃሩ ጫፍ አጥንት በጥቃቅን ጉድጓዶች የተሞላ ሲሆን በየጉድጓዱ ውስጥ ግፊትንና ንዝረትን የሚለዩ የነርቭ ሕዋሳት ተሰድረዋል። ጤፍ ከረጢት ውስጥ እጁን አስገብቶ በጣቱ ጫፍ ጠጠር የሚፈልግ ሰው የሚያደርገውን ወፉ በምንቃሩ ያደርገዋል።

ከዚህም የሚልቅ ችሎታ አላቸው። ኖት የሚባለው የውሃ ዳር ወፍ በርጥብ አሸዋ ውስጥ የተቀበረን ነገር ሳይነካው ያውቃል። የኔዘርላንዱ ሳይንቲስት ቴዩኒስ ፒየርስማና ባልደረቦቹ በ1998 ባሳተሙት ጥናት ይህን በሙከራ አሳዩ። ወፉ ምንቃሩን ርጥብ አሸዋ ውስጥ ደጋግሞ ሲተክል በአሸዋው ቅንጣቶች መካከል ያለውን ውሃ ይገፋዋል፤ በመንገዱ ላይ ጠጣር ነገር ካለ የውሃው ግፊት ይለወጣል፤ ምንቃሩም ለውጡን ያነባል። አሸዋው ደረቅ ሲሆን ግን ይህ ችሎታ አይሠራም።

ይህን የመጨረሻ ነጥብ አደራ ያዙልኝ። ምንቃሩ የሚሠራው ውሃ ባለበት ነው። ዳርቻው ሲደርቅ ምግቡ ከሥር ተቀብሮ ቢቀር እንኳ ወፉ ሊያገኘው አይችልም።

ምግቡ ከተገኘ በኋላም ሌላ ጥበብ አለ። ምንቃር በሙሉ ጭቃ ውስጥ ተሰክቶ ሳለ እንዴት ይከፈታል? እነዚህ ወፎች የላይኛውን ምንቃር ጫፍ ብቻ ለይተው ማንሣት ይችላሉ፤ የቀረው ክፍል እንደተዘጋ ጫፉ ትሉን ቆንጥጦ ይይዛል። ስናይፕ ደግሞ ዓይኖቹ ከራሱ ወደ ላይና ወደ ኋላ የተቀመጡ በመሆናቸው ምንቃሩን እስከ ሥሩ ተክሎ ሲመገብ ከኋላው የሚመጣውን ጠላት ያያል።

ክንፍ ያለው ስንቅ

የእነዚህ ወፎች ሕይወት ሁለት ጫፍ አለው። ብዙዎቹ የሚፈለፈሉት በሰሜኑ ዓለም፣ ቱንድራ በሚባለው ዛፍ አልባ ቀዝቃዛ ምድርና በሣር ሜዳ ነው፤ ብርዱ ሲመጣ ወደ ደቡብ ይፈልሳሉ። ከዚህ ጉዞ ሁሉ የሚያስደንቀው ባር ቴይልድ ጎድዊት የሚባለው ዝርያ ነው። በኦክቶበር 2022 ዕድሜው አምስት ወር ገደማ የሆነ፣ የሳተላይት መከታተያ የታሰረበት አንድ ወጣት ወፍ ከአላስካ ተነሥቶ በአውስትራሊያ ወዳለችው ታዝማኒያ በረረ። 13,560 ኪሎ ሜትር በ11 ቀን፤ በመካከል አላረፈም፣ አልበላም፣ አልጠጣም። ጎድዊት እንደ ዳክዬ ውሃ ላይ ተቀምጦ ማረፍ ስለማይችል ከበረራው መካከል መቆም ማለት ለእርሱ ሞት ነው።

ይህን የሚችለው ከጉዞው በፊት ሰውነቱን እንደገና ስለሚሠራው ነው። ከሰውነቱ ክብደት ግማሽ ያህሉ ስብ እስኪሆን ድረስ ይበላል። ሆዱና አንጀቱ በበረራው ስለማያስፈልጉት ይኮማተራሉ። በአንጻሩ የሚያበርረው ጡንቻና ልቡ ይፈረጥማሉ። ስቡ ከየት መጣ? ከጭቃው። ስለዚህ ይህ ታላቅ በረራ የሚጀመረው ምንቃሩ ጭቃ ውስጥ ሲገባ ነው፤ አንድ ማረፊያ ስንቅ መስጠት ቢያቅተው የቀረው መንገድ በሙሉ ይቋረጣል።

ዓለም ከእነዚህ ማረፊያዎች ታላላቆቹን ያውቃል። በሞሪታንያ ባንክ ዳርጊን በብርዱ ወራት ከ2 ሚሊዮን የሚበልጡ የውሃ ዳር ወፎች ያስጠልላል። በኦማን ባር አል ሂክማን ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ይሰበሰባሉ። ከሰሜን ምዕራብ አውሮፓ ዋደን ባሕር የተነሣ ወፍ ከአፍሪካ ዳርቻ ይወርዳል። ወፉ የማንም ዜጋ አይደለም፤ የሁሉም እንግዳ ነው። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ እንግዳን ሁሉም ይወደዋል፣ ቤቱን የሚጠብቅለት አንድ ሰው ሲታጣ ግን ቤቱ ይፈርሳል።

ሦስት ማጽናኛዎች

ሰዎች ወፍ ሲጠፋ ራሳቸውን የሚያጽናኑባቸው ሦስት አባባሎች አሉ። ሦስቱም በታሪክ ተፈትነው ወድቀዋል።

የመጀመሪያው ‹‹ብዙ ነው፣ አያልቅም›› የሚለው ነው። ኤስኪሞ ከርሊው በሰሜን ምዕራብ ካናዳ ይፈለፈልና እስከ አርጀንቲና የሣር ሜዳ ይወርድ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን በሰሜን አሜሪካ ሰማይ ላይ እጅግ ግዙፍ በሆነ መንጋ ያልፍ ነበርና አዳኞች በጋሪ እየጫኑ ለገበያ አቀረቡት። በዚያው ዘመን በጸደይ የሚመገብበት በሰሜን አሜሪካ መካከል ያለው የሣር ሜዳ ታረሰ፤ በብዛት ይበላው የነበረው የሮኪ ተራሮች አንበጣም ከዓለም ጠፋ። አሜሪካና ስለ ካናዳ የቆመችው ብሪታንያ ተጓዥ ወፎችን ለመጠበቅ በ1916 ሲስማሙ ለዚህ ወፍ ረፍዶ ነበር። በ1962 ቴክሳስ ውስጥ በጋልቨስተን ፎቶ ተነሣ። በ1963 በባርባዶስ አንዱ በጥይት ተመታ። ከዚያ በኋላ ማረጋገጫ የቀረበበት አንድም ወፍ የለም።

ሁለተኛው ‹‹እዚህ ቢነካ ወደ ሌላ ይሄዳል›› የሚለው ነው። ደቡብ ኮሪያ ሴማንጉም በሚባለው ሥፍራ 33 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የባሕር ግንብ ሠርታ በ2006 ዘጋችው። ከግንቡ በስተጀርባ የቀረው ሰፊ የጭቃ ሜዳ በቢጫ ባሕር ዳርቻ ከታወቁት ማረፊያዎች አንዱ ነበር። ግሬት ኖት የሚባሉት ወፎች በየዓመቱ በአሥር ሺዎች እየሆኑ እዚያ ይሰንቁ ነበር። ወፎቹ ወደ አጎራባች ዳርቻ ተዛውረው ይሆናል ተብሎ ተቆጠረ፤ በጎረቤቱ ዳርቻ የጎደለውን የሚሞላ ቁጥር አልተገኘም። ብርዱን በሚያሳልፉባት በአውስትራሊያም ቁጥራቸው አሽቆለቆለ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ‹‹ሌላ ቦታ›› የተባለው ዳርቻ ቀድሞውኑ በሌሎች ወፎች የተያዘ ነው።

ሦስተኛው ‹‹አሁንም በየዓመቱ አየዋለሁ›› የሚለው ነው። ይህ ከሁሉም ያታልላል። ትልቁ ከርሊው ዕድሜው ረጅም ነው፤ ቀለበት ታስሮላቸው ከ30 ዓመት በላይ የኖሩ ተገኝተዋል። ሴቷ አብዛኛውን ጊዜ አራት እንቁላል በመሬት ላይ ትጥላለች። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ ብዙም ሳይቆዩ በእግራቸው ሄደው ራሳቸው ይለቅማሉ፤ የጠባቂነቱ ሥራ በኋላ በአባትየው ላይ ይወድቃል። አሁን ግን በአውሮፓ ጨፌው እየተጠነፈፈ፣ ሣሩ ጫጩቱ ሳይበር በማሽን እየታጨደ፣ ቀበሮና ቁራ እንቁላሉን እየበሉ፣ አሮጌዎቹ ወፎች በየዓመቱ ይመለሳሉ፤ ልጅ ሳያሳድጉም ይሄዳሉ። መንደሩ ጩኸታቸውን ይሰማና ደኅና ናቸው ይላል። አሮጌዎቹ ሲያልቁ ግን ድምፁ በአንድ ጊዜ ይጠፋል። በአየርላንድ ሪፐብሊክ በ1980ዎቹ በሺዎች ይቆጠሩ የነበሩት ጥንዶች ከ2015 እስከ 2017 በተደረገው ቆጠራ 138 ብቻ ሆነው ተገኙ።

ቀጭን ምንቃሩን ከርሊው ያጠፉት እነዚህ ሦስት ማጽናኛዎች ተባብረው ነው። ጎጆው የታወቀው ሩሲያዊው ቫለንቲን ኡሻኮቭ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት በምዕራብ ሳይቤሪያ በታራ ከተማ አካባቢ ባገኛቸው ጥቂት ጎጆዎች ብቻ ነው። ከእርሱ በኋላ ጎጆውን ያየ የለም። ተመራማሪዎች በቅርቡ በሙዚየም የተቀመጡ የጫጩቶች ላባ መረመሩ። የየአካባቢው ውሃ የራሱ ኬሚካላዊ ምልክት ስላለው ምልክቱ በምግብ በኩል ላባው ውስጥ ይቀመጣል። ላባው የጠቆመው ከታራ በስተደቡብ ያለውን የሰሜን ካዛክስታንና የሩሲያ የሣር ምድር ነው። ይህ ምድር ሶቪየት ኅብረት ከ1954 ጀምሮ በታላቅ ዘመቻ ያረሰችው ነው። በሌላው ጫፍ፣ በሜድትራንያን ዙሪያ፣ አዳኝ ይጠብቀው ነበር፤ ረግረጉም ይጠነፈፍ ነበር። የአፍሪካና የዩራሲያ ተጓዥ የውሃ ወፎችን ለመጠበቅ የተደረገው ስምምነት በሄግ የጸደቀው በጁን 1995 ነው፤ ወፉ ለመጨረሻ ጊዜ ከታየ ከአራት ወር ገደማ በኋላ።

ድርሻችን በኢትዮጵያ

ኢትዮጵያ በ2010 የዚህ ስምምነት አባል ሆናለች። ወፎቹ ግን ከስምምነቱ በፊት ያውቁናል። ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ፣ በሰሜን የተፈለፈሉ የውሃ ዳር ወፎች ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች፣ ወደ ጣና ዙሪያና ወደ ደጋው ጨፌ ይደርሳሉ። ጥቁር ጭራ ጎድዊት፣ ከርሊው ሳንድፓይፐር፣ አቮሴት፣ የሰሜኑ ስናይፕና ሌሎችም ይታያሉ። ጊዜው ለእነሱ የተመቸ ነው፤ በክረምት የሞላው ውሃ በበጋው ቀስ በቀስ ሲሸሽ በየሳምንቱ አዲስ ርጥብ ጭቃ ይገልጣል። እስከ መጋቢትና ሚያዝያ ድረስ በልተው፣ ስንቃቸውን ይዘው ይመለሳሉ። ከእነሱ መካከል ከርሊው ሳንድፓይፐር በ2024 በቀይ መዝገቡ ለመጥፋት ተጋላጭ ከሆኑት ወፎች ተርታ ገብቷል።

የማይሰደድም ወገን አለን። አፍሪካዊው ስናይፕ ነዋሪነቱ በደጋችን ረግረግ ነው። በመራቢያው ወቅት ወንዱ ከፍ ብሎ ይወጣና ወደ ታች ሲወረወር የጭራው የዳር ላባዎች በነፋስ ተንቀጥቅጠው የሚያስተጋባ ድምፅ ያሰማሉ። ደጋው ጨፌ ከሌለ ይህ ወፍ የሚሄድበት የለውም።

አሁን ወደ አራተኛው ማጽናኛ ልምጣ፤ ይህ የራሳችን ነውና። ‹‹ባዶ መሬት ነው›› እንላለን። ውሃ ሲሆን ሐይቅ እንለዋለን፤ ደረቅ ሲሆን እርሻ እንለዋለን፤ በመካከል ያለውን፣ ጭቃውን፣ ምንም አንለውም። ስለዚህ ለማጠንፈፍ፣ ለመከለልና ቆሻሻ ለመጣል የመጀመሪያው ምርጫችን ይሆናል። የቢሾፍቱው ጨለለቃ ከተማው ዙሪያውን እያጠበበው ያለ፣ ጥልቀት የሌለው ውሃ ነው።

ከሁሉም የሚያስተምረው አቢያታ ነው። አቢያታ ሶዳማና ጥልቀቱ አነስተኛ የሆነ፣ መውጫ የሌለው ሐይቅ ነው፤ ከባቱ (ዝዋይ) ሐይቅ በቡልቡላ ወንዝ፣ ከላንጋኖ ሐይቅ በሆራ ቀሎ በሚመጣ ውሃ ይኖራል። ዳርቻው ተዳፋትነቱ እጅግ ጥቂት ስለሆነ የውሃው ከፍታ ትንሽ ዝቅ ሲል ዳርቻው ሩቅ ይሸሻል። ከላይ ያለው ውሃ ለመስኖ ሲጠለፍ፣ ከሐይቁም ለሶዳ አሽ ምርት ውሃ ሲቀዳ ኖሯል። የሐይቁ ስፋት ከ1970ዎቹ ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ገደማ ቀንሷል። ጨዋማነቱ ሲበረታ ዓሣው አለቀ፤ ዓሣ የሚበሉት ወፎችም ምግባቸውን አጡ። ውሃው የተወው መሬት ሲደርቅ ጨው የጋገረበት ቅርፊት ይሆናል። ቅድም አደራ ያልኋችሁ ነጥብ እዚህ ይሠራል፤ ምንቃር በደረቅ መሬት አያይም።

ከዚህ የሚጎዳው ወፍ ብቻ አይደለም። ጨፌ በበጋ ለከብት የመጨረሻው ግጦሽ ነው። በጣና ዳር ያለው የፎገራ ሜዳ በክረምት የወንዞቹን ሙላት ተቀብሎ ያሳርፋል፤ ውሃው ሲሸሽም የረጠበው መሬት ዘር ይቀበላል። ረግረግ ደለል ያጣራል፤ ከሥሩም ለምንጭና ለጉድጓድ ውሃ ያቆያል። ወፉ እዚያ መኖሩ ይህ ሁሉ ሥራ ገና አለመቆሙን የሚያሳይ ምስክር ነው። ወፍና ገበሬ በጨፌ ጉዳይ ባላጋራ አይደሉም፤ ጨፌው ሲጠፋ ሁለቱም ይሰደዳሉ።

ተስፋ የሚሰጥ ነገርም አለ። በቢጫ ባሕር በሃምሳ ዓመታት ውስጥ ከጭቃ ሜዳው ከግማሽ በላይ ከጠፋ በኋላ ቻይና በ2018 ለንግድ ሲባል ባሕር መሙላትን ከለከለች። በ2019 የዳርቻው አንድ ክፍል፣ በ2021 ደግሞ የደቡብ ኮሪያ የጭቃ ሜዳዎች በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። ትናንት ባዶ መሬት የተባለው ጭቃ ዛሬ የዓለም ቅርስ ተብሏል። አገራችንም ከባዶ አትነሣም። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከ1966 ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን በ1996 ለወፎች ወሳኝ የሆኑ 69 ሥፍራዎችን መዝግቦ አሳትሟል። የት የት እንደሆነ እናውቃለን ማለት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ ሐይቅን ስንለካ ከነዳርቻው እንለካ። የልማት ዕቅድ የሚያዘጋጅ ባለሙያ የውሃውን ወሰን ውሃው በሸሸበት በሰኔ ወይም በሞላበት በመስከረም ብቻ አይቶ ካርታ ቢያወጣ፣ በበጋ የሚገለጠውን የጭቃ ቀለበት ለማንም የማይሆን ብሎ ይሰጠዋል። ወሰኑ በሁለቱም ወቅት ይታይ።

ሁለተኛ፣ ከላይ ውሃ የሚጠልፍ ሁሉ ለታችኛው ሐይቅ ድርሻ ይተው። መስኖ ያስፈልገናል፤ ነገር ግን ወንዙን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ የሚጨርስ መስኖ ውሎ አድሮ የራሱን እርሻ ጨው ያበላዋል።

ሦስተኛ፣ እንቁጠር። በየዓመቱ በጃንዋሪ ዓለም አቀፍ የውሃ ወፎች ቆጠራ ይደረጋል። በሐይቅ ዳር ያሉ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ይዘው ይሳተፉ። ሲቆጥሩ የወጣቶቹን ወፎች ነገር አይርሱ፤ የሚቆጠረው ወፍ አሮጌ ብቻ ከሆነ ቁጥሩ እያታለለን ነው።

በዚህ አዳራሽ መሬት የሚያስተዳድሩ፣ መሬት የሚያርሱና ልጅ የሚያስተምሩ ሰዎች አሉ። ሁላችሁንም የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ከእንግዲህ ‹‹ይህ ረግረግ ምን ይሠራል?›› ተብሎ በስብሰባ ላይ ሲጠየቅ ዝም አትበሉ። ቀጭን ምንቃር ከርሊው የጠፋው በየአገሩ ለዚያ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ሰው በመታጣቱ ነው። በአቢያታ፣ በጣና ዳርና በደጋው ጨፌ መልሱን የምትሰጡት እናንተ ሁኑ።